በወንድሜ መኪና ወደ ያንጉዲ በረሃ

ሐዋሳ ውስጥ መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው ካያችሁ ወይ ረዳት ነው፣ ወይ ሚስቱ በር የዘጋችበት ነው። ታላቅ ወንድሜ በረከት ግን ወዶ የሚያድርበት መኪና ሠራ። ሐዋሳ ሻሸመኔ ሲመላለስበት የኖረውን ሚኒባስ ወንበሮቹን አስወለቀ፤ ቱላ የሚሠራ አናጺ ዘንድ ወስዶ አልጋ አስገባበት። ከአልጋው ሥር የውሃ ጀሪካኖች፣ ከኋላው በር አጠገብ ቡታጋዝ፣ ጣሪያው ላይ ትንሽ ሶላር። አባባ "ልጄ መሬት ቢያጣ ቤቱን ጎማ ላይ ሠራው" እያለ ይስቅበት ነበር።

በረከት በዚህ መኪና ወፍና አውሬ ማየት የሚወዱ እንግዶችን ይዞ ወደ አዋሽ ፓርክ፣ አንዳንዴም እስከ ያንጉዲ ይሄድ ነበር። ገዋኔ የምትባለው የአፋር ከተማ ውስጥ ሁመድ የሚባል ጓደኛ ነበረው። በረሃው ውስጥ መንገድ የሚመራቸው ሁመድ ነበር።

በረከት ሰኔ ላይ ሞተ። ታሞ ብዙም አልቆየም።

ሁመድ አልሰማም ነበር። የወንድሜን ስልክ እናቴ እስከ ዛሬ ቻርጅ እያደረገች ሳሎን ታስቀምጠዋለች፤ ለምን እንደሆነ አንጠይቃትም። ስልኩ ይጠራል፣ "ሁመድ ገዋኔ" የሚል ይመጣል፣ እሷ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ እኔ ጠርቶ እስኪያቆም አየዋለሁ። አንድ ቀን ለአባባ "ላንሳውና ልንገረው?" አልኩት። አባባ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ በሰፈራችን ስንት ቤት መርዶ አድርሷል።

"መርዶ በስልክ አይነገርም" አለ። "ሰውየው ተቀምጦ፣ ዘመድ አጠገቡ ኖሮ ነው የሚነገረው።"

"ገዋኔ ሩቅ ነው እኮ።"

"ሩቅ ቢሆንስ? ጓደኛው አይደለም?"

"እንግዲያው መኪናውን ይዤ እኔ እሄዳለሁ።"

"ብቻህን? መርዶ ብቻውን ይዞ የሄደ ሰው አይቼ አላውቅም።"

"ሌላ ሰው አብሮኝ ካለ እሱ ይናገርና እኔ ዝም እላለሁ" አልኩት። እውነቴን ነው። ንግግር ቶሎ አይመጣልኝም። ቃሉን ስፈልግ ሰው ይጨርስልኛል፣ እኔም "አዎ እሱን ነው" ብዬ እተወዋለሁ። አባባ ትንሽ አየኝና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

የመጀመሪያው ቀን

እናቴ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ዳቦና የተቆላ ገብስ ጨምራ መኪናው ውስጥ አስገባች። "በረሃ ውስጥ ምን ይበላል?" ትላለች። "ሱቅ አለ እማዬ።" "ሱቅ ምግብ አይደለም።" መኪናውን ግን አልነካችውም። ምግቡን በበሩ አቀበለችኝና ሁለት እርምጃ ወደኋላ ቆመች።

በፒያሳ ሳልፍ ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ጓደኞቼ "ቤቱ እየሄደ ነው፣ ያዙት!" ብለው ጮኹ። ሳልስቅ ለማለፍ ብሞክርም አልቻልኩም። እውነቱን ልጻፍና፣ ከሻሸመኔ እንደወጣሁ ልቤ ዘለለ። ብቻዬን ይህን ያህል ርቄ ነድቼ አላውቅም። ከጀርባዬ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ ውሃ አለ። ደክሞኝ ብቆም የቆምኩበት ቤቴ ነው። እንዲህ በመደሰቴ አፈርኩ። ባቱ ስደርስ ማፈሩንም ረሳሁት።

በፈጣን መንገዱ እስከ ሞጆ ድረስ መኪናው እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ። ከሞጆ በኋላ ደግሞ የጅቡቲ መንገድ ነው። ተሳቢዎቹ አጠገቤ ሲያልፉ ነፋሳቸው ወደ ዳር ይገፋኝ ነበር። አዳማ ላይ ሽሮ በላሁና ቀጠልኩ። ከወለንጪቲ ወዲያ መስኮቱን ስከፍት የገባው አየር ዳቦ ቤት በር ላይ እንደመቆም ነው። መተሃራ አጠገብ በሰቃ ሐይቅን አየሁ። የእኛ ሐይቅ ዳሩ ላይ ሰው አሳ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሙሽራ ይዞራል። በሰቃ ዳር ግን ጥቁር የተቃጠለ ድንጋይ እንጂ አንድ ወንበር የለም። ሐይቅ እንደዚህ ብቻውን ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር።

የአዋሽ ፓርክ በር ላይ አንድ ሸምገል ያለ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ እየሮጠ መጣ። እኔን ሳይሆን መኪናውን ነው ያየው። "የበረከት መኪና!" ብሎ ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከድር ይባላል። አንገቱን አስገብቶ ውስጡን ቃኘ፤ አልጋውን፣ የተሰቀሉትን ሁለት ኩባያዎች።

"አንተ ማን ነህ?"

"ወንድሙ ነኝ፣ ጋሼ።"

"አፍንጫህ ይመሰክራል! እሱስ የት አለ?"

አባባ ያለኝ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ሰው ተቀምጦ፣ ዘመድ አጠገቡ ኖሮ። ይኸው ሰውየው በር ላይ ቆሟል፣ ይስቃል፣ ከኋላዬ አንድ ፒክአፕ ክላክስ ያደርጋል።

"ከኋላ... ከኋላ እየመጣ ነው" አልኩ።

"በለኝ! ለሁመድ እደውልለታለሁ፣ በረከት ስልኩን አያነሳም ብሎ ሲጨነቅ ነበር" አለና በሩን ከፈተልኝ። አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ። ቃሉ እስኪመጣ ፒክአፑ ጀርባዬ ላይ የወጣ ያህል ተጠጋኝ፣ እኔም ነዳሁ።

ሁለተኛው ቀን

ያን ቀን ያየሁትን ለመጻፍ ሳስብ አሁንም እጄ ይፈጥናል። ፓርኩ ውስጥ አድሬ ጠዋት የመኪናውን የጎን በር ስከፍት ሳላዎች ቆመው ነበር፤ ከአልጋዬ ሳልነሳ። ሳላ ማለት አካሉ አመድማ፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባ የሚመስል፣ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የወጣ አውሬ ነው። አንደኛው ዞሮ አየኝ። ሰፈራችን ውስጥ ጠዋት በሬን ስከፍት የማየው የጎረቤታችንን ባጃጅ ነው። እዚህ በር ተከፈተ፣ ሳላ ቆሟል!

ቀጥሎ ወደ አዋሽ ወንዝ ፏፏቴ ወረድኩ። ወንዙ እንደ ወተት ሻይ ነው፤ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ከታች አዞ ተኝቷል። በሐይቃችን ጉማሬ እንጂ አዞ አይቼ አላውቅምና ብዙ ቆየሁ። ስመለስ የመኪናው በር ክፍት ነው። ዝንጀሮ!

እኛ ጋ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አሳ ገበያ አጠገብ ያሉት ጦጣዎች ኦቾሎኒ ከእጅህ ይቀበላሉ፤ ሌብነታቸው እንኳ ይሉኝታ አለው። የአዋሽ ዝንጀሮ ግን አልጋ ላይ ተቀምጦ የእናቴን ቆጮ ከኮባው እየፈታ ይበላል። "ውጣ!" ስለው ጥርሱን አሳየኝ። ጫማዬን ወረወርኩ። ጫማውን አንስቶ አየው፣ ለምግብ እንደማይሆን ሲያውቅ ጣለው። በመጨረሻ የቀረውን ቆጮ በብብቱ ይዞ በራሱ ሰዓት ወጣ። አንድ ሌላ ስካውት ዛፍ ሥር ተቀምጦ እስኪያለቅስ ይስቃል።

"ቆጮ የቀመሰ የመጀመሪያው ዝንጀሮ እሱ ነው!"

"ወደደው እንዴ?"

"ነገ ሐዋሳ ካልሄድኩ ይላል!"

ምሳውን ያ ስካውት አካፈለኝ፤ እንጀራ በቲማቲም። ከሰዓት በኋላ ፓርኩ ውስጥ ያለው ፍል ውሃ ጋ ሄጄ በዘንባባዎቹ መሃል ልዋኝ አልኩ። ውሃው ሰማያዊ ነው፣ ታች ያለው ድንጋይ ይታያል፣ ግን ያቃጥላል። እንደ ሐዋሳ ልጅ ዘልዬ ገብቼ እንደ እብድ ዘልዬ ወጣሁ። ማንም ስላላየኝ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ማንም ስላላየኝ ከፋኝ። በረከት ቢኖር ይህን ለአንድ ዓመት ያወራብኝ ነበር።

ሦስተኛው ቀን

ከአዋሽ አርባ በኋላ ሜዳው ተከፈተ። ሃላይደጌ የሚባለው የሣር ሜዳ ከመንገዱ በስተቀኝ መጨረሻ የለውም። የእኛ አገር ሁሉም ነገር ቅርብ ነው፤ ዓይን እንሰት ላይ፣ ቀጥሎ አጥር ላይ ያርፋል። እዚህ ዓይን የሚያርፍበት አጥቶ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሰጎን መኪናዬን እየተሽቀዳደመች ሮጠች፤ ብቻዬን መሪው ላይ ሆኜ "በይ! በይ!" እያልኩ ጮህኩ። ያሸነፈችው እሷ ነች።

አንድ ግመል የሚነዳ ሰው ከመንገዱ ዳር ዱላውን ወደ ላይ አነሳ። ሐዋሳ ውስጥ ሰው እጁን ሲያነሳ ክላክስ አድርጎ ማለፍ ሰላምታ ነው፤ እኔም ክላክስ አድርጌ አለፍኩ። በመስታወቱ ሳየው ዱላው አሁንም አልወረደም።

ትንሽ እንደሄድኩ የሙቀቱ ምልክት ወደ ቀዩ ወጣ። ቆምኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ራዲያተሩ እንደ ማንቆርቆሪያ ይጮሃል። አልጋዬ ሥር ውሃ ሞልቶልኛል ብዬ ነበር፤ ለካ አንዱን ጀሪካን ያ ዝንጀሮ ክዳኑን ፈትቶ አፍስሶታል፣ ሌላውን እሱ ያቆሸሸውን አልጋ ሳጥብበት ጨርሼዋለሁ። ጥላ የለም። መኪናው ሥር ገብቼ ተቀመጥኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን ከዚያ በላይ፣ ያ ያለፍኩት ሰው ከነግመሎቹ ደረሰ። ምንም ሳይናገር ከግመሉ ላይ ቢጫ ጀሪካን አወረደ። ለእኔ አስቀደመ፣ ቀጥሎ ለመኪናው። ከጠጣሁ በኋላ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ በተሰባበረ አማርኛ ይጠይቀኝ ጀመር። ከየት መጣህ፣ መንገድ ላይ ምን አየህ፣ ዝናብ የት አለ፣ ሣር የት አለ። የቻልኩትን መለስኩ። በመጨረሻ መኪናውን በዱላው ነካ አደረገና፦

"ወንድምህ ደረሰ?" አለኝ።

"የቱ ወንድሜ?"

"ከኋላ ያለው። የሁመድ ጓደኛ። ሁመድ ፍየል አርዷል እኮ።"

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ፤ ያም ለሚቀጥለው ይነግራል። አሁን ደግሞ ስልክ ተጨምሮበታል። እኔ ፍል ውሃ ውስጥ ስዘል በር ላይ ያልኩት ያ አንድ ዓረፍተ ነገር እኔን ቀድሞ በረሃውን አቋርጧል። ከዚያ በኋላ ሜዳውም ሰጎኑም አልታየኝም። አየሉ ተራራ ከፊቴ እየተነሳ ሲመጣ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀላል ያልሆነውን መርዶ ራሴ ይባስ አከበድኩት።

ገዋኔ መግቢያ ላይ ሁመድ ቆሞ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጥ ያገለደመ። አቀፈኝ፣ እጄን ይዞ ደጋግሞ ሳመው። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ መንገዱን አየ። ልጆቹም ድንጋይ ላይ ወጥተው ወደ መጣሁበት ያያሉ።

"የት ደረሰ?"

"ቤት እንግባ" አልኩት።

ቤቱ ከምንጣፍና ከእንጨት የተሠራ ድቡልቡል ነው፤ ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት። እናቱ የግመል ወተት ሰጡኝ፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ወፍራም ነው። አጎቱም ገቡ። አባባ እንዳለው ነው፤ ሰውየው ተቀምጧል፣ ዘመድ አጠገቡ አለ። እኔ ግን እንደ አባባ መግቢያ የለኝም፣ ጸሎት የለኝም። "ሁመድ" አልኩ። "በረከት ከኋላዬ አይደለም። በረከት... ሰኔ ላይ..."

እንደ ልማዴ የሚጨርስልኝ ሰው ጠበቅሁ። ማንም አልጨረሰልኝም። ሁሉም አፌን ያያሉ።

"ሞተ" አልኩ።

እናትየው ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። አጎቱ በዐረብኛ የሆነ ነገር አሉ። ሁመድ ወለሉን አየ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን ተቆጥቷል።

"ለከድር ለምን እንደዚያ አልከው?"

"እኛ ዘንድ መርዶ በር ላይ አይነገርም። ሰው እስኪሰበሰብ ይሸፈናል።"

"እኛ ዘንድ አይሸፈንም" አለ። "የደረቀ ጉድጓድ ውሃ አለው ብሎ የነገረ ሰው መንገደኛ ይገድላል። ትናንት ልጆቼን በረከት እየመጣ ነው አልኳቸው። ስልኩን ባላነሳ ጊዜ ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴን አንተ አጠፋህልኝ።"

"ይቅርታ" ማለት እንኳ ትንሽ መሰለኝ፣ ግን አልኩት። ሁመድ ወተቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

"ጠጣ። ከዚያ ከመጀመሪያው ንገረኝ። አታሳጥርብኝ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። እነዚህ ነገ ለሌላ ሰው ይነግራሉ። ስህተት እንዳይኖርበት።"

ነገርኩት። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ ብሎ ከሻሸመኔ መመለሱን። ሆስፒታሉ ውስጥ የተኛበት አልጋ በመስኮቱ በኩል መሆኑን፣ "የመኪናውን ዘይት ቀይር" ያለኝን። ማን እንደገነዘው። ሲቀበር ዝናብ እንደነበረ። እናቴ ስልኩን ቻርጅ እንደምታደርግ። ቃል ሲጠፋኝ ይጠብቁኛል። አጎቱ አንዳንዴ "ከዚያስ?" ይላሉ፣ እኔም ከዚያ ያለውን አገኘዋለሁ። ቤታችን ውስጥ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ሲመጣ አንድም ሰው ከመጀመሪያው ንገረኝ ብሎኝ አያውቅም። "እግዚአብሔር ያጽናህ" ብለው አጠገቤ ዝም ይላሉ፤ እኔም ዝም እላለሁ።

ከጨረስኩ በኋላ ሁመድ ስልኩን አውጥቶ ለከድር ደወለ። በአፋርኛ ረጅም ጊዜ አወራ። ሲዘጋ "አስተካከልኩት" አለኝ።

ፍየሉ በጋለ ድንጋይ ላይ ተጠብሶ መጣ። የበረከት ተብሎ የተቀመጠውን ጎድን እናትየው እኔ ፊት አደረጉት። "ብላ" አሉኝ፤ አማርኛቸው ይህችው ነበረች። እየበላን ሁመድ በረከት ግመል ሊጋልብ ሞክሮ እሾህ ቁጥቋጦ ላይ እንዴት እንደወደቀ አወራ።

"'ይሄ ነገር ፍሬን የለውም እንዴ?' እያለ ይጮሃል!"

ሳቅኩ። ከሰኔ ወዲህ በእሱ ነገር ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ልጆቹ ግን መኪናውን ካልገባንበት ብለው ያስቸግራሉ፤ አራቱም አልጋዬ ላይ ወጥተው ዘለሉ።

አራተኛው ቀን

ሁመድ ጠዋት "በል፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተህ ያንጉዲን ሳታይ አትመለስም" አለና ከጎኔ ተቀመጠ። ያንጉዲ ፓርክ ነው ቢባልም በር የለውም፣ አጥር የለውም። ጠጠር፣ አሸዋ፣ ቁጥቋጦ፣ ከሩቅ የሚንቀጠቀጥ አየር። ይህን ባዶነት ሰው ምን ብሎ ይወደዋል ብዬ ነበር። ሰዓት ሳይሞላኝ ጮክ ብዬ የማወራ እኔ ሆንኩ፤ ያ ምንድን ነው፣ ያኛውስ፣ ቁም ቁም!

የመጣነው የዱር አህያ ለማየት ነው። በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት ነው ይላሉ። ከመንገዱ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ግራጫ ነገር አየሁ። ፍሬን ያዝኩ፣ ስልኬን አወጣሁ፣ ፎቶ በፎቶ ላይ አነሳሁ። "ሁመድ፣ አየኸው? አየኸው?"

"አየሁት። የጎረቤቴ ነው።"

"ምን?"

"ትናንት ጠፋብኝ ሲል ነበር። ውሃ የሚጭንባት አህያ ነች።"

መሪው ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ። ሁመድ ወርዶ አህያዋን ወደ ገዋኔ አቅጣጫ አባሯት ተመለሰ።

እውነተኞቹን ያየነው ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው። ሁመድ ጉልበቴን ያዘ፣ በጣቱ አሳየኝ። እግራቸው ላይ ቀጫጭን ጥቁር ዙሪያ መስመር አለ፣ ልክ ካልሲ እንዳደረጉ። አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ቆሙ። ሸክም ተጭኖት የማያውቅ አህያ አቋሙ ሌላ ነው። ለፎቶ ስልኬን ሳነሳ አቧራ ሆኑ። ፎቶው ላይ ያለው አቧራው ብቻ ነው፤ ሐዋሳ ስመለስ ጓደኞቼ አላመኑኝም።

በመመለሻችን ላይ አንድ ሽማግሌ ግመሎች እየነዱ ወደ እኛ መጡ። ዱላቸውን አነሱ። አሁን ክላክስ አላደረግሁም። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ወረድኩ። ሁመድና ሽማግሌው እጅ ለእጅ ተነካኩና ቁጢጥ አሉ። ሽማግሌው በየትኛው በኩል ሣር እንዳለ፣ የማን ግመል እንደወለደች ተናገሩ፤ ሁመድ እየተረጎመልኝ ነበር። ሁመድ በበኩሉ የገዋኔን ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"የበረከትን አልነገርካቸውም" አልኩት።

"ያንተ ነው።"

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ከሐዋሳ ነው የመጣሁት" አልኩ። "በረከት የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ሰኔ ላይ ሞተ።" ሁመድ ተረጎመ። ሽማግሌው ጠየቁ፦ ምን ሠርቶ ያድር ነበር? እናቱ አሉ? ልጅ አለው? ሲቀበር ዝናብ ነበር? አንድ በአንድ መለስኩ፤ ጊዜ ወስዶብኛል፣ እሳቸው ግን የቸኮለ ሰው ፊት አልነበራቸውም። በመጨረሻ መኪናውን በአገጫቸው አመለከቱ።

"አሁን የሚነዳው ማን ነው ይላሉ" አለ ሁመድ።

"እኔ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ተነሱ። ግመሎቹን ወደ ያንጉዲ ተራራ አዞሩ። ያ በኩል መኪና አይሄድም።

"ማታ የውሃ ጉድጓዱ ጋ ለተሰበሰቡት ይነግራሉ" አለ ሁመድ። "እነሱ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ላሉት። በል እንሂድ፣ ሙቀቱ መጣ።"

"ትንሽ ቆይ" አልኩት።

ሽማግሌው ከግመሎቻቸው ኋላ ቀስ እያሉ ሄዱ። እኛ ቤት እንግዳ ሲሄድ በሩ ላይ ቆመን፣ ከጥጉ እስኪታጠፍ እናየዋለን። በረሃው ውስጥ ጥግ የለም። ሽማግሌው በሚንቀጠቀጠው አየር ውስጥ አንሰው፣ አንሰው፣ ከግመሎቹ የማይለዩ እስኪሆኑ ድረስ መኪናው በር ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው።